የሔራን ሰባት ቤት

እናትዓለም ስብከት ላይ የምትቀመጠው ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ንዴቷ ሲብስባት ብድግ ብላ ለመውጣት እንዲመቻት። የባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ሰፈር ጎረቤቶቿ ግን ምክንያቱን አያውቁም። «ጆሮዋ ደክሟል፣ ድምፅ ማጉያው ያለው እዚያ ነው» ይላሉ። ጆሮዋ መድከሙስ እውነት ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው ጆሮው ደህና ሆኖ አይወጣም። ድምፅዋም ከማሽኑ በላይ ሲጮኽ ኖሮ ዝቅ ማለት ረስቷል። ጨው ልትበደር መጥታ «ደህና አደራችሁ» ስትል እንኳ የተጣላች ይመስላል።

የገና በዓል ሲቃረብ ቄስ ኃይለ ገብርኤል ያንን ስብከቱን ያመጣዋል። ሰው ሁሉ «እሳቸው» ይላቸዋል፤ እናትዓለም ግን በሆዷ «እሱ» ነው የምትለው፣ እኛም እሷን ተከትለን እንሄዳለን። ከአብርሃም ጀምሮ የጌታን የትውልድ ሐረግ በቃሉ ይወርደዋል። ማን ማንን እንደወለደ፣ ፋሬስ ማለት ጥሶ የወጣ ማለት እንደሆነ፣ ይሁዳ ማለት ምስጋና እንደሆነ ይተነትናል። ሴቶቹ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ሣራ አልተጻፈች፤ ርብቃ አልተጻፈች። ትዕማር ግን ተጻፈች! ራኬብ ተጻፈች! ለምን? ሰው አፍሮ የሚሸሽገውን ስም እግዚአብሔር አይሸሽግምና!» ይላል። ግቢው በእልልታ ይሞላል። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው የሚወስዱም አሉ።

እናትዓለም ጥርሷን ትነክሳለች። እሷ የመጻሕፍት መምህር ልጅ ናት። አባቷ የኔታ ጥዑመ ልሳን ዘጌ ላይ ወንጌልን ከነትርጓሜው ሲያስተምሩ፣ ከጓሮ ሆና በጆሮዋ የለቀመችው ፊታቸው ከተቀመጠው ተማሪ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ቄሱ የቱን እንደሚዘል ታውቃለች። ትዕማር መንገድ ዳር መቀመጧን ይናገራል። ማርገዟን ይናገራል። አማቷ ይሁዳ «አውጥታችሁ አቃጥሏት» ማለቱንም ይናገራል። ከዚያ ዘሎ ፋሬስ ተወለደ ይላል። ትዕማር በመያዣነት የተቀበለችውን በትርና ማኅተም አውጥታ ስትልክለት፣ ይሁዳ በሰው ሁሉ ፊት የኔ ነው ብሎ ማመኑን አንድም ዓመት አንስቶት አያውቅም። የኔታ ግን እዚያች ነገር ላይ ሲደርሱ ግማሽ ቀን ይቆሙ ነበር። «ይሁዳ ባያምን ኖሮ ፋሬስ በእናቱ ሆድ እንዳለ አመድ ነበር፤ ሐረጉም እዚያው ያበቃ ነበር። ከዳዊት ዙፋን በፊት የይሁዳ እውነት አለች» ይሉ ነበር።

ቄሱ ያቺን ለምን እንደሚዘላት ከራሱ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ልጇ ሔራን የሱ ልጅ ናት።

ያኔ ኃይለ ገብርኤል ከደልጊ በጀልባ ሐይቁን አቋርጦ የመጣ ዲያቆን ነበር፤ ከየኔታ ተማሪዎች ሁሉ አእምሮው የሰላ። እሷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አገባሻለሁ አላት፤ አመነችው። ማርገዟን ስትነግረው ደግሞ ጎንደር ሄጄ ትምህርቴን ጨርሼ ሽማግሌ እልካለሁ አላት፤ አሁንም አመነችው። በዚያ ማመኗ ዛሬ ድረስ በራሷ ላይ ትናደዳለች። ሽማግሌ ስትጠብቅ፣ ጎንደር ላይ የቄስ ልጅ በተክሊል አግብቶ ቅስና ተቀበለ የሚል ወሬ መጣላት። ዲያቆን ከጋብቻው በፊት ሴት ካወቀ ቅስና እንደማይገባው ዘጌ ውስጥ የማያውቅ የለም። እናትዓለም አንዲት ቃል ብትተነፍስ ክህነቱ ያበቃለት ነበር።

እንዳትተነፍስ ያደረጓት የኔታ ናቸው። ወንጌሉን ጭናቸው ላይ አድርገው አስማሏት። «የደቀ መዝሙሬ ክህነት በልጄ አፍ አይፍረስ፤ ጉባኤዬም አይበተን» አሏት። ይህን ሲሏት ያቺን የይሁዳን ትርጓሜ የት አስቀምጠዋት እንደነበር እናትዓለም እስከ ዛሬ አልገባትም። ማለች። ሆዷ ሳይገፋ በፊትም ከዘጌ ወጥታ ባሕር ዳር ገባች። ከዚያ ወዲህ አባቷን ያየቻቸው ሬሳቸው ከቤት ሲወጣ ነው።

ፋብሪካው ውስጥ ወልደ ጻድቅ የሚባል ሽማግሌ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር፤ ሚስትም ልጅም የሌለው፣ ምሳውን ብቻውን የሚበላ። ሔራን ትምህርት ቤት የምትገባበት ዓመት ሲደርስ፣ መዝጋቢው «የአባት ስም?» ብሎ እናትዓለምን አስጨነቃት። ቅጹን ይዛ ፋብሪካው በር ላይ ስታለቅስ ወልደ ጻድቅ አገኛት። የልጅቷ አባት ማን እንደሆነ አልጠየቃትም። «ወልደ ጻድቅ ብለሽ አስጽፊ። እኔ ይኸን ስም ለማን አወርሰዋለሁ?» አላት። ስሙን ሰጣት እንጂ ባል ሆኖ ቤቷ አልገባም። በዓል በመጣ ቁጥር ጫማ ገዝቶ ይመጣል፤ ልጅቷ «አባባ» እያለች ትጠመጠምበታለች፤ ራቷን አብልቶ ይሄዳል። ሔራን እናትና አባቴ ተጣልተው ተለያዩ ብላ ነው ያደገችው። ሲሞትም ፀጉሯን ተላጭታ እንደ አባት አለቀሰችው።

ወልደ ጻድቅ በሞተ በዓመቱ ደግሞ ጉድ ፈላ። ቄስ ኃይለ ገብርኤል ተዛውሮ ባሕር ዳር መጣ፤ ያውም እሷ የምትሳለምበት ቤተ ክርስቲያን። ሔራን ሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግል ስለነበረች መምህሯ ሆነ። የእናትዓለም ልጅ መሆኗን ያወቀ ቀን ፊቱ ላይ አንድም ነገር አልታየበትም። መስቀሉን አሳለማትና «እግዚአብሔር ያሳድግሽ» አላት። እናትዓለም አጠገቧ ቆማ ነበር። ስምንት ዓመት እንዲህ ሆነ፤ በየእሑዱ ልጁን መስቀል ያሳልማል፤ ልጅቷም ወደ ቤት እየተመለሰች የመምህሯን ስብከት ለእናቷ ትደግምላታለች። እናትዓለም በዚያ ሰዓት ድስት ስታጥብ ጎረቤት ይሰማታል።

አሁን ሔራን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ሕዝቅኤል የሚባል መሐንዲስ ጠይቋት እሺ ብላዋለች። አባቱ አቶ ደሞዝ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቤቱ ሰላማዊ፣ ልጁ ጨዋ። እናትዓለም የምትናደድበት ነገር ፈልጋ አጣች። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ በተክሊል እንዲሆን ተቆረጠ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ሰባት ቤት መቁጠር። ከሰባት ትውልድ በታች የሚገናኙ ዘመዳሞች አይጋቡም፤ ስለዚህ የሁለቱም ወገን አባቶች በስም እየተጠሩ ይመሳከራሉ። ከተሜው ይህን እንደ ወግ ነው የሚያየው። እናትዓለምም እንደዚያው አየችው። ወልደ ጻድቅ አያት ቅድመ አያቶቹን እየነገረ በደብተር አስጽፏት ስለነበር፣ ሔራን አጥንታ ትቁጠረው ብላ ደብተሩን ሰጠቻት። ወልደ ጻድቅ የሐሙሲት ወገን መሆኑን ታውቃለች፤ የደሞዝ ቤተሰብም ከዚያው እንደሚወለድ ሰምታለች። ሐሙሲት ስንት ሰው አለ ብላ ነገሩን ተወችው። ውሸት ሃያ ዓመት ሲኖሩት እውነት መስሎ ይረሳል፤ እሷም ረስታው ነበር።

ለመቁጠሪያው በተያዘው እሑድ የሙሽራው ወገን መጣ፤ አቶ ደሞዝ፣ ሕዝቅኤል፣ እና ከሐሙሲት በአውቶቡስ የመጡት አጎታቸው አቶ ገድሉ። አቶ ገድሉ ሰማንያን አልፈዋል፤ የአገሩን ዘር እንደ ዳዊት ነው የሚደግሙት። በሙሽራዪቱ ወገን ማን ይቀመጥላት ሲባል ሔራን እናቷን ሳትጠይቅ የምትወደውን መምህሯን ጠርታለች። ቄስ ኃይለ ገብርኤል መስቀሉን ይዞ ሲገባ እናትዓለም የያዘችው የጠላ ማንቆርቆሪያ ወለል ላይ ሊወድቅ ጥቂት ቀረው። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ተሳለመ። እሷ ብርጭቆ ላምጣ ብላ ወጣች።

«በይ እስቲ ልጄ፣ ቁጠሪ» አሉ አቶ ገድሉ።

ሔራን ቀጥ ብላ ቆማ ጀመረች። «ሔራን ወልደ ጻድቅ። ወልደ ጻድቅ ፈንቴ። ፈንቴ አድማሱ። አድማሱ ቢሻው…»

«ቆይ፣ ቆይ! የቱ ቢሻው?»

«ግራኙ ቢሻው ነው የሚለው። ቢሻው ድረስ።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ከፍ አድርገው እንደያዙ ቀሩ። «ሕዝቅኤል ደሞዝ፣ ደሞዝ ተገኘ፣ ተገኘ መኩሪያው፣ መኩሪያው ቢሻው። ግራኙ ቢሻው ድረስ!» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «የአድማሱ ዘር ወደ ቆላ ወርዶ ጠፋ ስንል ይኸው ባሕር ዳር ተገኘ! የኛው ናችሁኮ!» ብለው ሔራንን ጎትተው ሳሟት። የሳሟት በደስታ ነበር። ወዲያው ግን የተሰበሰቡበት ጉዳይ ትዝ አላቸውና ቀስ ብለው ለቀቋት። «አራት ቤት ላይ ተገናኛችሁ» አሉ። «አይሆንም። እኅትና ወንድም ናችሁ።»

የሕዝቅኤል ፊት አመድ መሰለ። ሔራን ደብተሩን ከፍታ ስሞቹን እንደገና በጣቷ ተከተለች፤ የተጻፈው ግን ያው ነው። አቶ ደሞዝ መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ቄሱ ዞሩ።

ኃይለ ገብርኤል ከዓለም ሰው ሁሉ ይበልጥ ያውቃል፤ ይህች ልጅ የቢሻው ዘር አይደለችም። እናትዓለም በሩ ላይ ቆማ አፉን አፉን አየችው። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ሰው ሊሆን ነው ብላ በቅንነት ጠበቀች። እሱ ጉሮሮውን ጠረገና «ሥርዓቱ ይታወቃል፤ ከሰባት ቤት በታች ቤተ ክርስቲያን አትባርክም። ልጆቼ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ቀድሞ መታወቁ ይመስገን» አለ። ሔራን አንገቷን ደፋች። እንባዋ ደብተሩ ላይ ተንጠባጠበ።

እናትዓለም ደሟ ፈላ። እንግዶቹን ላለማስደንገጥ የቻለችውን ያህል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባ፣ አንድ ጊዜ ውጭ ላነጋግርዎ» አለች። አንቱታውን ግን ደጃፉ ላይ ጥላው ነው የወጣችው።

«ግባና ተናገር!» አለችው ጓሮው ሲደርሱ።

«ምን ብዬ?»

«ያንተ መሆኗን! ደልጊና ሐሙሲት ምን አገናኛቸው? ልጅቱ ትዳሯን ትያዝ።»

«እናትዓለም፣ ቀስ በይ። ይሰማሉ።»

«ይስሙ! ሃያ ሰባት ዓመት ቀስ አልሁ!»

መስቀሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ክህነቴ ያበቃልኮ። አራት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ዲያቆን ነው። ይኸን ሁሉ ሕዝብ ማሰናከል ነው። ሔራን ገና ወጣት ናት፣ የተማረች ናት። ሌላ ባል አታጣም።»

ሌላ ባል አታጣም! ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ገበያ ዶሮ የሚያወራ ነው የመሰላት። ከዚያ ያጠራቀመችው ሁሉ ወጣ። «ስምንት ዓመት በር ሥር ቁጭ ብዬ ስትሰብክ ሰማሁህ። ትዕማርን ታነሣታለህ፤ ሰው ታስለቅስባታለህ። ይሁዳ በትሩን ባየ ጊዜ ምን አለ? ለምን ትዘለዋለህ? ይሁዳ እንኳ፣ ያ ልጆቹን የቀበረ ኃጢአተኛ እንኳ፣ እሳቱ ሳይነድ አመነ! አንተ ልጅህን ዓይንህ እያየ እሳቱ ውስጥ ከተትሃት። ደግሞ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ትላለህ! እሱ ምን አድርጎህ ነው በሱ የምታላክከው?»

«ለአባትሽ የማልሽው አለ» አላት።

«አባቴ ተሳሳቱ!» አለች። ይህን ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። «የሳቸውን ስሕተት እኔ ተሸከምሁ፤ ልጄ ግን አትሸከምም። ትናገራለህ ወይስ ልናገር?»

ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ስለዚህ ጥላው ገባች።

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ጩኸት እንጂ ቃሉን አልሰሙም ነበር። መካከል ላይ ቆማ፣ ያንን የፋብሪካ ድምፅዋን ሳትቆጥብ፣ «ሔራን የወልደ ጻድቅ ልጅ አይደለችም» አለች። «እሱ ደግ ሰው ነው፣ ስሙን ሰጠን፤ ነፍሱን ይማር። የወለዳት ይኸው ነው፤» ብላ ከኋላዋ የገባውን ቄስ በእጇ አመለከተች። «ዘጌ፣ አባቴ ቤት፣ ዲያቆን ሳለ። እኔ ዝም ያልሁት ተገድጄ ነው። እሱ ዝም ያለው ግን ወዶ ነው።»

አቶ ደሞዝ «ኧረ በስመ አብ!» አሉ። አቶ ገድሉ ብቻ አልደነገጡም፤ ሰማንያ ዓመት የሰው ዘር ሲቆጥሩ ኖረው ይህን የመሰለ ስንት ሰምተዋል። ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ ሐሰት ነው ይበሉና ሴትዮዋን እንቆጣት።»

ቄሱ ነጠላውን አስተካከለ።

«በመስቀልዎ ሐሰት ነው ይበሉ እንጂ።»

ኃይለ ገብርኤል መስቀሉን አየው፤ ከዚያም መሬቱን። አንድም ቃል ሳይናገር ጫማውን ፈልጎ ተጫማና ወጣ። ባጃጅ ሲያስቆም ድምፁ ከውጭ ተሰማ፤ ዋጋም አልተከራከረም።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ገድሉ፣ «አባቷ ከታወቀ ዘሩን ማን ይቆጥርልናል? ሰውዬው ሄደ።»

«እኔ እቆጥረዋለሁ» አለች እናትዓለም።

ቆጠረችም። «ሔራን ኃይለ ገብርኤል። ኃይለ ገብርኤል ምናሴ። ምናሴ ወርቅነህ። ወርቅነህ እንግዳ። እንግዳ ቸኮል። ቸኮል በላይ። በላይ ጓንጉል።» ያስቆጠራት ራሱ ነበር፤ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ መጋባታችን አይደል ዘመዳሞች እንዳንሆን ብሎ። ከዚያ ወዲህ ፈትል ክፍል ውስጥ ክር ስትቀጥል፣ ማሽኑ ሲጮኽ ማንም ስለማይሰማት፣ በየቀኑ ስማቸውን እየጠራች ስትረግማቸው ኖራለች። ሰባቱንም። አንድ ቀን ለቡራኬ እጠራቸዋለሁ ብላ አላሰበችም።

አቶ ገድሉ እያንዳንዱን ስም ከራሳቸው አባቶች ጋር በጣታቸው አስተያዩ። ሰባተኛው ላይ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉና «አንገናኝም» አሉ። «ልጆቹ ባዕድ ናቸው። ይጋቡ።»

ሕዝቅኤል አባቱን አስቀድሞ አየ፤ አቶ ደሞዝ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናትዓለም አሸንፋለች። ሃያ ሰባት ዓመት ሆዷ ውስጥ የነበረው ወጥቶ፣ ሰውዬው አፍሮ ሄዶ፣ ልጇ ትዳሯን ይዛለች። አሁንስ ትስመኛለች ብላ ወደ ሔራን ዞረች።

ሔራን ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። እንባዋ ደርቋል። ፊቷ ላይ የነበረውን እናትዓለም ወዲያው ለየችው፤ በመስታወት ስታየው የኖረችው የራሷ ንዴት ነው።

«ሰባቱንም ታውቂያቸዋለሽ» አለች ሔራን።

«አውቃቸዋለሁ፣ ልጄ።»

«ለኔ አንዱን እንኳ አልነገርሽኝም። ስምንት ዓመት መስቀሉን ስሳለም አጠገቤ ቆመሽ ነበር። አባባን ስቀብር አጠገቤ ቆመሽ ነበር። ዛሬ ለሰርግ ሲፈለግ ነው የተናገርሽው። ሰርግ ባይኖርስ?»

እናትዓለም «አባቴ አስምለውኝ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ያንኑ ቃል አሁን ጓሮ ላይ ከሌላ ሰው አፍ ሰምታ ጮኻበት መጥታለች። የምትቆጣው ሰው በዓይኗ ፈለገች፤ ቄሱ ሄዷል፣ የኔታ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጇ ቆማ መልስ እየጠበቀች ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የእናትዓለም ድምፅ እምቢ አላት።